የቆንስሉ ልጅ በሮድስ ራንች

ባለፈው ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሮድስ ራንች የሚባለው የታጠረ ሰፈር ውስጥ አዲስ ቤት ገዝተው፣ ኑና ጸሎት እናድርግበት ብለው ጠሩን። መግቢያው ላይ ጥበቃው ስማችንን ኮምፒዩተሩ ላይ እስኪያገኝ ባለቤቴ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ ይጠብቃል፤ ልጆቹ ከኋላ ይጨቃጨቃሉ፤ እኔ የግቢውን አጥርና በሁለት ረድፍ የቆሙትን ዘንባባዎች አያለሁ። ማገጃው ተነሥቶ መኪናችን ወደ ውስጥ ሲንቀሳቀስ እጄ ሳላስበው የበሩን መክፈቻ ጨብጦ ነበር። ባለቤቴ አየና «ምነው?» አለኝ። «ምንም» አልኩት። በልጆቹ ጫጫታ መሀል የሚወራ ስላልሆነ ነው እንጂ ነገሩስ ነበር። ገና ወጣት ሳለሁ፣ ከዚያ ማገጃ በስተጀርባ፣ ከማርች እስከ ጁላይ ተዘግቶብኝ ኖሬያለሁ።

ኮሮና የገባ ዓመት ነው። ዲቪ ደርሶኝ ቬጋስ ከመጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም። የምኖረው ከአክስቴ ከሙሉነሽ ጋር ነበር። እናቴን በሕፃንነቴ ስላጣሁ እናት ብዬ የማውቀው እሷን ነው፤ «እቴቴ» እላታለሁ። እሷ አንድ ካዚኖ ቡፌ ውስጥ ምግብ ታወጣለች፣ እኔ እዚያው የእንግዳ ክፍል አጸዳለሁ። አንድ ቀን ሺፍት ጨርሰን ስንወጣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጡ ተባልን። ቀኑና ሌሊቱ የማይለይበት መንገድ ጭር አለ። መብራቱ እንደበራ ሰው ብቻ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

ሥራ ያገኘችልኝ የቤተ ክርስቲያን እህታችን ናት። ቶማስ የሚባል ጡረታ የወጣ ሰው ሮድስ ራንች ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉት፤ አብሯቸው እያደረ የሚንከባከባቸው ሰው ይፈልጋል አለችኝ። እናትየው ሚስ ኤሊኖር ይባላሉ፤ ዘጠናን አልፈዋል። ቶማስ ከበሩ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ማስኩን እያስተካከለ፣ አንድ ሕግ ብቻ ነገረኝ፤ ከገባሽ አትወጪም፣ ከወጣሽ ተመልሰሽ አትገቢም። እሱ ራሱም አይገባም ነበር። ሚስቱ ግሪን ቫሊ የሚባል ሌላ ሰፈር ያለው ቤታቸው ውስጥ የካንሰር ሕክምና ላይ ስለነበረች ለሁለቱም ይፈራል። አስቤዛውን በሩ ላይ አስቀምጦ በመስኮት እጁን ለእናቱ አውለብልቦ ይሄዳል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ቤቱ ሰፊ ነው። ሰፊ ቤትም ግን ካልወጡበት ይጠባል። ከሳሎኑ መስታወት ወዲያ የጎልፍ ሜዳው ተዘርግቶ ይታያል፤ ሣሩ በዚያ በረሃ መሀል ሲያዩት የተቀባ ይመስላል፤ ጥንቸሎች እንዳሻቸው ይዘላሉ። የእኔ ዓለም እስከ ጓሮው ግንብ ድረስ ነው። የመጀመሪያው ሰሞን ዕረፍት መሰለኝ፤ ዕድሜ ልኬን እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ ማክሰኞውን ከሐሙስ መለየት አቃተኝ። ሙቀቱ ሲመጣ ደግሞ ጓሮውም ቀረ፤ ረፋድ ላይ የበሩ እጀታ እጅ ይለበልባል። ጠዋት ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር በስልክ የምንጸልየው ጸሎት፣ ከራት በፊት ደግሞ ከእቴቴ ጋር የማወራው ወሬ ባይኖር ኖሮ ከግንቡ ጋር ማውራት እጀምር ነበር።

ሚስ ኤሊኖር ጠዋት የሚበሉት አንድ ለስላሳ ቅቅል እንቁላል ነው። በትንሽ የሸክላ ጽዋ ላይ ያቆሙትና ጫፉን በማንኪያ ኮርኩመው ይከፍቱታል። እኔ ለራሴ ሽሮ ስሠራ ሽታው ቤቱን ስለሚሞላው አፍር ነበር። አንድ ቀን ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወጥ ቤት መጡና ይህ ምንድን ነው አሉኝ። ቀመሱት። ከዚያ ወዲያ ረቡዕ ምሳችን ሽሮ ሆነ፤ በማንኪያ፣ ከዳቦ ጋር፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ እየጠረጉ።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ ልምጣ። የሚስ ኤሊኖር አባት በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የአሜሪካ ቆንስል ነበር። ከአንዱ ወደብ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ኖሮ፣ የጻፈውንና የተጻፈለትን ሁሉ ሰብስቦ ሞተ። ያ ሁሉ ወረቀት በካርቶን ተሞልቶ ጋራዡ ውስጥ ከአሮጌ መኪናቸው ጎን እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። አንድ ዩኒቨርሲቲ እንቀበላለን ብሏቸዋል፤ ግን በየከተማውና በየዓመቱ ተለይቶ እንዲመጣለት ይፈልጋል። የሚስ ኤሊኖር ዓይን ደክሟል፣ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሥራው ለእኔ ሆነ። ፀሐዩ ሳይበረታ አንድ ካርቶን ከጋራዥ አውጥቼ የምግብ ጠረጴዛው ላይ እዘረግፋለሁ። እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ እንግሊዝኛዬ ሲደናቀፍ ያቃኑኛል፤ ከዚያ የየትኛው ከተማ ወረቀት እንደሆነ ይነግሩኛል።

ቆንስሉ ምንም የማይጥል ሰው ነበር። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የቀጠኑ የካርቦን ግልባጮች፣ አግራፋቸው ዝጎ ገጹን ያቆሸሸው ሪፖርቶች፣ ስለ ዘቢብና ስለ ትምባሆ ዋጋ የተጻፉ ገጾች ነበሩ። አንድ መርከበኛ በሞተ ጊዜ የተረፉትን ሁለት ሸሚዞችና ሰዓት ለእናቱ ስለ መላክ የጻፈውን አስታውሳለሁ። የራት ግብዣ ላይ ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ እንኳ በሥዕል አስቀምጧል። እኔ ከእናቴ የቀረኝ አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ነው። አንድ ሰው ሲሞት ይህን ያህል ትቶ ማለፍ እንደሚችል አላውቅም ነበር፤ በመጀመሪያ ቀናሁ።

ከሁሉ የያዘኝ ግን የቪዛ ካርቶን ነው። ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አሜሪካ ለመሄድ የለመኑት ሰዎች ጥያቄና የእሱ መልስ። መልሱ ሁሉ ጨዋ ነው፤ ሁሉም አዝናለሁ ብሎ ይጀምራል። ሳነብ ቆይቼ አቋረጥኩ። ሚስ ኤሊኖር ምን ሆንሽ አሉኝ። እኔም አዲስ አበባ ኤምባሲው ውስጥ መስታወቱ ፊት ቆሜ፣ ከወዲያ በኩል ያለውን ሰው ፊት ሳይሆን እጁን ብቻ ሳይ እንደነበር ነገርኳቸው። ማኅተሙን ያነሣል ወይስ አያነሣም ብዬ። እሳቸውም በልጅነታቸው እነዚያን ሰዎች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ በመስኮት ያዩ እንደነበር አወሩኝ። አንዲት ሴት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኮፍያ አድርጋ ትመጣ ነበር፤ አንድ ቀን ቀረች።

ጁን ላይ ካዚኖዎቹ ተከፈቱ። እኔን አልጠሩኝም፤ እቴቴን ጠሯት። ደስ ብሏት ነበር። ማስክ አድርጋ፣ ፀጉሯን ሸፍና የተነሣችውን ፎቶ ላከችልኝ። ኦቨርታይም እንዳትሠሪ ብያት ነበር። ሳቀችብኝ።

ጁላይ ላይ ሳል ጀመራት። መጀመሪያ የኤርኮንዲሽን ብርድ ነው አለች። ቀጥሎ ስልክ ስታወራ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ማቆም ጀመረች። ከዚያ ጎረቤቷ ደውላ አምቡላንስ እንደወሰዳት ነገረችኝ፤ ሜዲካል ዲስትሪክት የሚባለው ሰፈር ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ ተኝታለች። እኔ ያለሁበት ግንብ ውስጥ ሆኜ ስልኬን ቼክ እያደረግሁ ቆየሁ። ዘመድ አይገባም፤ የሆስፒታሉ ሕግ ነው። እንዲያውም ሕጉ የጠቀመኝ መሰለኝ፤ መምረጥ አልነበረብኝማ።

አንድ ረፋድ የሆስፒታሉ ነርስ ደወለች። ድምፅዋ ልስልስ ያለ ነበር፤ ያ ነው ያስፈራኝ። አክስትሽ ደክማለች፤ እንዲህ ሲሆን ለአንድ ሰው ብቻ እንፈቅዳለን፤ መምጣት ከፈለግሽ ዛሬ ይሁን አለችኝ።

ወዲያው ለቶማስ ደወልኩለት። አዘነ፤ ከልቡ እንዳዘነ ይሰማኝ ነበር። ግን ሕጉ ያው ነው አለ። ከኮሮና ሕመምተኛ ክፍል ወጥቼ ወደ እናቱ መመለስ አልችልም። በዚያ ወቅት ሰው ቤት ገብቶ የሚያድር ሌላ ሰው ማግኘት አይታሰብም። እሱ ቤት ሚስቱ አለች። ስለዚህ እናቱን ወደ አረጋውያን መጦሪያ ማስገባት ግድ ይሆንበታል። ያን ሰሞን መጦሪያዎቹ ውስጥ ምን እየሆነ እንደነበር ምሽት ምሽት በዜና እናያለን፤ ሚስ ኤሊኖርም ያያሉ። እዚያ ከምገባ እዚሁ ወንበሬ ላይ ልሙት ብለውኛል።

ስልኩን ዘጋሁ። ለነርሷ መልሼ አልደወልኩላትም። ወደ ጠረጴዛው ተመልሼ፣ ከካርቶኑ አንድ ወረቀት አንሥቼ ማንበብ ጀመርኩ። መሄዱን ልተወው ብዬ ወስኜ ነበር ማለት ነው። በሁለት በር መሀል የቆመ ሰው ምንም ቢያደርግ አንዱን ይዘጋል፤ እኔ አጠገቤ ያለውን ሰው መረጥኩ።

«ቤቲ፣ ይህን ገጽ ትናንት አንብበሽልኛል» አሉኝ ሚስ ኤሊኖር።

ሌላ ወረቀት አነሣሁ።

«ማን ነው የታመመው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው። የነርሷን፣ የቶማስን፣ ከሄድኩ እሳቸው ምን እንደሚሆኑ። እንግሊዝኛው ከእንባው ጋር ተምታቶብኝ ምን ያህል እንደገባቸው አላውቅም። ሲሰሙኝ ፊታቸው አልተለወጠም። ከዚያ ገና ካልከፈትናቸው አንዱን ካርቶን፣ ግድግዳው ጥግ ያለውን፣ አምጪ አሉኝ። ይዤው ስመለስ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር።

እንዲህ ብለው ነገሩኝ፤ ሰባት ዓመታቸው ሳለ ጥቁር ባሕር ዳር አንዲት ወደብ ላይ ይኖሩ ነበር። ከተማው ውስጥ ተስቦ ገባ። ቆንስሉ የግቢውን በር ዘጋ፤ ከግቢዬ የሚወጣ የለም፣ የሚገባም የለም ብሎ ለዋሽንግተን አስታወቀ። እናታቸው አንዲት የታመመች ወዳጃቸውን ለማየት ከመዘጋቱ አስቀድመው ወጥተው ነበር። ሲመለሱ ትኩሳት ይዟቸዋል። ዘበኛው አልከፈተም። ባልየው ከሰገነቱ ላይ ሆኖ አነጋገራቸውና በጋሪ ወደ መነኮሳቱ ሆስፒታል አስወሰዳቸው። ሆስፒታሉ ቁልቁል መንገዱ መጨረሻ ላይ ነው፤ የጣሪያው ሸክላ ከሕፃኗ መስኮት ይታያል። አንዲት መነኩሲት እየመጣች በሩን ታንኳኳ ነበር፤ ሴትየዋ ይጠሩዎታል፣ ልጃቸውንም ይጠራሉ ትላለች። ቆንስሉ ቃል ሰጥቻለሁ ይላል። በየቀኑ ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል፤ ግልባጩን ያስቀምጣል። አንድ ቀን መነኩሲቷ መምጣቷን ተወች።

ሚስ ኤሊኖር ካርቶኑን በጣታቸው አመለከቱኝ። ላዩ ላይ ያለውን አንብቢው አሉኝ። ማኅተም ያለበት የምስጋና ደብዳቤ ነበር፤ ለጽናቱና በእሱ ግቢ ውስጥ አንድም ሰው ሳይታመም በመቅረቱ ከበላዮቹ የተላከለት። አነበብኩት። እስከ ፊርማው ድረስ ዓይናቸውን አልጨፈኑም።

«ልክ ነበር» አሉ። «ግቢው ውስጥ አንድም ሰው አልታመመም። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ። አባቴ ልክ የሆነ ሰው ነበር። ተነሺ፣ ሂጂ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ሰባት ዓመቴ አይደለም።»

ስልኩን ተቀብለውኝ ለልጃቸው ራሳቸው ደወሉ። ልጅቷ ልትሄድ ነው፤ ወይ መጥተህ እዚህ ቁም፣ ወይ የፈለግኸውን ሰው ላክ አሉት። ወዲያ ማዶ ብዙ ተባለ። እሳቸው ሰምተው ሲጨርሱ «መጦሪያውም ይሁን» ብለው ዘጉት።

ቶማስ እስኪመጣ ድረስ ባዶ ወረቀት አስመጡና እየነገሩ አጻፉኝ። ሦስት መስመር ብቻ ነው። እናቴ በመነኮሳቱ ሆስፒታል ሞተች። መንገዱ አጭር ነበር። አባቴ አልሄደም፣ እኔም እንድሄድ አልተፈቀደልኝም። ራሳቸው ፈረሙበት። ከምስጋናው ደብዳቤ ጋር አያይዤ ካርቶኑ ውስጥ መለስኩት። ልጄ ካወጣው ያውጣው አሉ።

የአሮጌውን መኪና ቁልፍ ሰጡኝ። ቶማስ ሲደርስ እኔ ካርቶኖቹን ገፋ ገፋ አድርጌ መኪናውን ወደ ኋላ እያወጣሁ ነበር። ፀሐዩ ላይ ቆሞ አየኝ። «ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?» አለኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም፣ ድካም እንጂ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ሚስ ኤሊኖር ከጋራዡ በር ላይ ሆነው «እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ» አሉ። ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ውስጥ ተመለሱ።

የግቢው መውጫ ላይ ስደርስ ጥበቃውን ምን ልበለው ብዬ ስጨነቅ ማገጃው በራሱ ተነሣ። ለሚወጣ ሰው ማንም ጥያቄ አይጠይቅም ኖሯል።

ሆስፒታሉ ውስጥ ካባ፣ ጓንት፣ ማስክ በማስክ ላይ፣ ከዚያ ደግሞ የመስታወት መከለያ አለበሱኝ። እቴቴ ፊቷን ግማሽ የሚሸፍን ነገር ተገጥሞላት፣ ኦክስጅኑ እንደ ነፋስ ይጮሃል። አላወቀችኝም፤ በዚያ ልብስ ውስጥ ማን ያውቀኛል? በስሟ ስጠራት ዓይኗን ገለጠች። እጇን ያዝኩ። ጥቂት ተናገረች፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማሁ። ነርሷ ይበቃል እስክትለኝ ድረስ እዚያ ቆምኩ።

ታልፋለች የተባለችው እቴቴ አላለፈችም። እንዴት እንደሆነ ሐኪሞቹም አላስረዱኝም፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የራሳችን ማብራሪያ አለን። የኦክስጅን ጠርሙስ ይዛ ቤቷ ተመለሰች፤ እኔም ተነሥታ በእግሯ እስክትሄድ ድረስ አስታመምኳት።

ሚስ ኤሊኖር በዚያው ወር መጦሪያ ገቡ። ቤቱ ተሸጠ። ቶማስ መኪናውን ሊወስድ የመጣ ጊዜ ካርቶኖቹ ለዩኒቨርሲቲው እንደተላኩ ነገረኝ፤ የቀሩትን ሚስቱ አልጋዋ ላይ ሆና ለይታቸዋለች። ሊሄድ ሲል ዞር አለና «ያቺ ባለ ሦስት መስመር ገጽ ቦታዋ ላይ ናት» አለኝ።

መጦሪያው ውስጥ ብዙ ሰው አለቀ፤ እሳቸው ተረፉ። በዓመቱ፣ ክትባት የተወጋ ሰው እንዲገባ ሲፈቀድ ሄድኩ። ክፍላቸው ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የመኪና ማቆሚያ ያሳያል። ሽሮ በትንሽ ዕቃ ይዤላቸው ነበር። ከስተዋል፣ ፀጉራቸው ሳስቷል፣ አእምሯቸው ግን ያው ነው። ገና ሳልቀመጥ፣ ሰላምታውንም ሳንጨርስ ጠየቁኝ።

«ገባሽ?»

«ገባሁ።»

«አነጋገረችሽ?»

«አዎ።»

«ምን አለችሽ?»

ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ለመናገርም ትንሽ አፈርኩ፤ ትልቅ ነገር የሚጠብቁ መሰለኝ። «ምሳ በላሽ ወይ አለችኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። ሳቁና ሳቃቸው መሀል ላይ ቆመ። እጄን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «የእኔም እናት እንዲህ ያለ ነገር ብላ ይሆናል» አሉ። «የሰማቻት ግን መነኩሲቷ ናት።»

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐረፉ።

ቅዳሜ ዕለት ከጸሎቱ በኋላ ሰው ሁሉ ስለዚያ ዘመን ሲያወራ ነበር፤ ስለ ማስኩ፣ ስለ ባዶው መደርደሪያ፣ ስለ ሥራ አጥ ክፍያው። እኔ ሳህኔን ይዤ ስለ ቆንስሉ አስብ ነበር። ላልጠላው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። ልጅ ነበረችው፤ ፈርቶ ነበር፤ እንደተባለውም ልክ ነበር። የዘቢቡን ዋጋና የግብዣውን ወንበር ሳይቀር ያስቀመጠ ሰው፣ ሚስቱ በመጨረሻ ምን እንዳለች የሚያስቀምጥበት ወረቀት አልነበረውም። የሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ለዘመናት የሚጠቀስ ነገር የሚናገር ይመስለን ይሆናል። ምሳ በላሽ ወይ ነው የሚለው። ያንን ለመስማት ግን አልጋው አጠገብ መቆም ያስፈልጋል።